ጎንደር ለመማር፦ ካምፓስ ወይስ የኔታ ዘንድ?

ለትምህርት ጎንደር የሚመጣ ወጣት ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ይመስለናል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው የሚመጡም አሉ።

ዩኒቨርሲቲውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1947 ዓ.ም የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ተጀመረ፤ ዛሬም በሕክምናው ስሙ ይነሣል። መግቢያው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ዶርም አለ፣ ካፌ አለ፣ ወጪ መጋራትም አለ። መቼ እንደምትመረቅ ከሞላ ጎደል ታውቃለህ።

የአብነቱ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ መንገድ ሌላ ነው። ውጤት የሚጠይቅህ የለም፤ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ማለት ነው። አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን ዜማ የፈለገ በአታ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የአቋቋም ማስመስከሪያው፣ ማለትም ችሎታው የሚረጋገጥበት ቦታ፣ እዚያ ስለሆነ፣ ሌላ አገር የተማረውም ለመመስከር ወደ ጎንደር ይወጣል። የመጻሕፍት ትርጓሜም የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉትን ሁለት ስልቶቹን ያገኘው እዚሁ ነው።

የአቋቋም ተማሪ ዜማውን ብቻ አይደለም የሚይዘው። መቋሚያው የት እንደሚነሣ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚንሿሿ፣ ከበሮው የቱ ጋ እንደሚመታ፣ ሁሉም በቃል ነው። አንዲት ቃል ቢስት የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይሰሙታል። ምሳስ? «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ መዞር ነው። የሰፈር ውሻም አለ፣ እሱ አይረሳ።

ደመወዝ የሚያስብ ካምፓስ ይግባ፤ ይሄ አያከራክርም። በቃል መያዝ ከሆነ ግን እኔ ለቆሎ ተማሪው አደላለሁ። እኔ ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድኩት ሳምንት አልቆየልኝም።