ደብረ ማርቆስ ላይ ጥርስ ያመማችሁ፣ ይቺን ዶክተር ሳታዩ እንዳታስነቅሉ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው እናቴ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስለተኛች ነው። ተመስገን!

የጥርስ ሕመምን ያየ ያውቀዋል። ትኩስ ቡና ፉት ካለች ጆሮዋን ይዛ ትቀራለች። ቀን ትንሽ ይሻላታል፣ ማታ ጋደም ስትል ግን ይብስባታል። ቅርንፉዱም፣ የጨው ውሃውም ምንም አላደረገላት።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም። ግን አንጀቴ አሯል። የቱ እንደሆነ በወጉ ሳይመረምሩ የላይኛውን መንጋጋ ጥርሷን ነቀሉላት። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቦታ ደግሞ አፏን በደንብ እንኳ ሳያዩ አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ጽፈው ሸኙን። ጨርሳ ዋጠችው፣ ያው ነው። እናቴ ደህና ጥርሷን አጣች፤ ማን ይመልስላታል?

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ይቺን ዶክተር ጠቆመችን። “እማማ፣ የቱ ነው የሚያምዎት?” አለቻት። “ልጄ፣ ግማሽ ፊቴን ነው” አለች እናቴ። ዶክተሯ አልተቻኮለችም። በጥጥ ቀዝቃዛ ነገር ጥርሶቿን አንድ በአንድ እያስነካች ሄደች። ከታች አንዱ ላይ ስትደርስ እናቴ ጮኸች፣ ጥጡ ከተነሳም በኋላ ሕመሙ ቶሎ አልለቀቃትም። ለካ ከታች ነው! የታችኛው ታሞ ላይኛው ያመመ ሊመስል እንደሚችል ያስረዳችን እሷ ናት።

ነርቩ ክፉኛ ተቆጥቷል አለች። አንቲባዮቲክ ይሄን አያድነውም። ወይ ነርቩን አውጥቶ ሥሩን አጽድቶ መሙላት ነው፣ ወይ መንቀል። ለአንዳንድ ሰው የነርቩን የላይኛውን ክፍል ብቻ ማንሳትም ይበቃል አለችን። የእናቴ ጥርስ ጠንካራ ስለሆነ ይዳን አለች። ዝርዝሩ አልገባኝም፣ ግን ወስና ሳይሆን አማክራን ነው የጀመረችው።

አንድ ነገር እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳም። የተቆጣ ነርቭ ቶሎ አይደነዝዝም አለችና “ካመመዎት እጅዎን ያንሱ፣ አቆማለሁ” አለቻት። እናቴ እጇን አነሳች፣ ወዲያው አቆመች። ደግማ ማደንዘዣ ሰጠቻት፣ ጠበቀች። አንዴም “ይቻሉት” አላለቻትም። ቆሜ እያየሁ እንባዬ መጣ።

ዋጋው ከመንቀል ይበልጣል፣ አልዋሽም። ግን ሳትጀምር ነው የነገረችን። በታከመው ጥርስ ላይ የሚደረገውን ሽፋን ለማስገባት ገና እንመለሳለን፣ በደስታ ነው የምንመለሰው።

ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ ስሟን እዚህ አልጻፍኩም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ። ከቢቸናም ከደጀንም ያላችሁ ሂዱ፣ እናት አባቶቻችሁን ውሰዱ። ዶክተርዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ተባረኪልኝ!