ቅዝቃዜው አለ፣ ነፋሱ ነው የጠፋው

ፋሲካን ከእናቴ ጋር ልዋል ብዬ ከሜሪላንድ ድሬዳዋ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ትንንሾቹ አገልግሎቶች ልጻፍ፣ በተለይ ስለ ኤሲ ሠሪዎች።

ሌላውን በፍጥነት ልለፈው። ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ባጃጅ ላይ ሳትወጡ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ሻንጣ ካዩ ሒሳቡ ይለወጣል። ከዚራ ሰፈር ፀጉሬን የተስተካከልኩበት ልጅ እጁ ወርቅ ነው፣ ግን መብራት ከሄደ ግማሽ ጭንቅላት ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ።

አሁን ወደ ኤሲው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ማታ ጋቢ ታስፈልጋለች። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሚያዝያም ብዙ አይሻልም። እናቴ ደም ግፊት ስላለባት ከአራት ዓመት በፊት መኝታ ቤቷ ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ አስገጥመንላት ነበር። ለዚያች ክፍል ከበቂ በላይ ነው። ስደርስ ግን ክፍሉ ምድጃ ነው። ሪሞቱ 18 ይላል፣ እሷ ማራገቢያዋን ይዛ ተቀምጣለች፣ ከኤሲው ሥር ደግሞ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበል ሳፋ ተቀምጧል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነግሬህስ? ከአሜሪካ ሆነህ በስልክ ልትነፋልኝ ነው?»

መጀመሪያ ያመጣሁት ባለሙያ በጣም ጨዋ ነው፣ ጋሼ ጋሼ እያለ ገባ። እጁን ለአንድ ደቂቃ ያህል ነፋሱ በሚወጣበት በኩል አደረገና «ጋሼ፣ ጋዙ አልቋል» አለኝ። ሰባት ሺህ ብር። ክዳኑን አልከፈተም፣ የግፊት መለኪያ አላያያዘም፣ ከቤት ውጭ የተገጠመውን የኤሲውን አካል ዞር ብሎም አላየውም። ጋዙ የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው «ጋዝ እኮ ያልቃል» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ ቀስ ብላ፣ «አምናም አልቋል ብሎ ሞልቶልኛል» አለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ነውና። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፣ ያው ጋዝ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያፈስበት ተፈልጎ ይደፈናል። ሳይፈልግ የሚሞላላችሁ ሰው የዓመት ደንበኛ እያደረጋችሁ ነው። ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት።

ሁለተኛውን ባለሙያ የአክስቴ ልጅ ከሳቢያን ሰፈር አመጣልኝ። ገና ወጣት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣ፣ ምክንያቱም ከስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ ሠራተኛ ፈልጋችሁ አታገኙም። ገና ሲገባ «አንተ ነህ ከአሜሪካ የመጣኸው?» አለኝ። ድሬ አንቱ አታውቅም፣ እኔም ከ17 ዓመት በኋላ ናፍቆኝ ኖሯል።

ልጁ ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። ከኪሱ ትንሽ ቴርሞሜትር አውጥቶ ኤሲው አየር በሚስብበትና በሚያወጣበት በኩል ለካ። የሚገባው 28፣ የሚወጣው 12። ልዩነቱ 16 ዲግሪ ነው፣ ጤነኛ ሲሆን ከ8 እስከ 12 ቢሆን ነው። «ጋዝ የሌለው ኤሲ እንዲህ አያቀዘቅዝም አቦ» አለኝ። «ቅዝቃዜው አለ፣ ነፋሱ ነው የጠፋው።»

ቀና ብሎ አየና ሳቀ። እናቴ ኤሲው ላይ ዳንቴል አልብሳለች። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል አላቸው፣ እሱ ለምን ይቅር? ችግሩ፣ ኤሲ አየር የሚስበው በላይ በኩል ነው። ዳንቴሉ ተነሣ፣ እናቴ ደስ አላላትም።

ክዳኑን ሲከፍት ማጣሪያው ብርድ ልብስ መስሏል። ማጣሪያውንስ እኔም አጥበው ነበር። እኔ የማላውቀው ከጀርባው ያለውን ነፋስ ገፊ ተሽከርካሪ ነበር። ረጅም ነው፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፎች አሉት፣ ክንፎቹ መሃል የድሬ አቧራ ተጋግሮ ሞልቷል። ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ አየር ግን አይጨብጥም፣ ጭቃ በሞላው ጭልፋ ወጥ እንደማውጣት ነው። አየሩ ቀስ ሲል የሚያቀዘቅዘው ቱቦ ከዜሮ በታች ይወርድና እርጥበቱ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ደግሞ የቀረውን መንገድ ይዘጋል። ጠዋት ሲጠፋ ይቀልጣል። ሳፋው የተቀመጠው ለዚህ ነበር ለካ።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣን። የኤሲውን የውጭ አካል ሌባ እንዳይወስደው በላሜራ ሳጥን ውስጥ ከትተውታል። የሚተፋው ሙቅ አየር ላሜራው ላይ ተጋጭቶ ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ልክ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ራሱን ያጠፋል። «ይሄን አውጥተህ ከፊቱ ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው የብረት ፍርግርግ አሠራ» አለኝ።

ተመልሰን ስንገባ መብራቱን አጥፍቶ፣ ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ተሽከርካሪውን በአትክልት መርጫ አጠበው። የወጣው ውሃ ሦስተኛ ቡና ሳይሆን አቦል ይመስላል። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ሁለት ሺህ ብር አለኝ፣ ጨምሬ ሰጠሁት፣ አልተግደረደረም። ነጥብ የምቀንስለት አንድ ብሎን መልሶ ባለማሰሩና አልጋ ልብሱ ላይ ጭቃ በማንጠባጠቡ ነው፣ ለዚያ እናቴ የሚገባውን ተናግራዋለች። ከአምስት አራት ተኩል። ያን ማታ ሪሞቱ 25 ላይ ሆኖ እናቴ ነጠላዋን ደርባ ተኛች።

በነገራችን ላይ ከዚራ ያሉትን የድሮ ቤቶች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የባቡር ሐዲዱ በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ድሬ ከደረሰ በኋላ የተሠራው ሰፈር ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ዛፉ የበዛ። የእኛ አዲሱ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮቱም በአንድ በኩል ብቻ። ነፋስ በየት ገብቶ በየት ይውጣ?

እኔም ሜሪላንድ ቤቴ ከእናቴ አልሻልም ነበር። በጋ ላይ ፎቁ ስለሚሞቅ ነፋሱ ወደ ላይ እንዲሄድ ብዬ የምድር ቤቱን የኤሲ አየር መውጫ ቀዳዳዎች ዘግቼ ነበር። መላ ቤቱን በአንድ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ ግን የተሠራው የተወሰነ አየር እንዲያንቀሳቅስ ነው፤ ቀዳዳ ስትዘጉበት የአየር ቱቦው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ በየመጋጠሚያው ያፈሳል፣ አየሩ ያንሳል፣ ያው የእናቴ በረዶ ይመጣል። ፎቅ ላይ አየር የሚመለስበትን ትልቁን ቀዳዳ ደግሞ በሶፋ ጋርጄዋለሁ። እንደተመለስኩ ሶፋውን ገፋሁ፣ የዘጋሁትን ከፈትኩ፣ ማጣሪያውንም ቀየርኩ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የተደፈነ ማጣሪያ በንጹሕ መቀየር ብቻ የኤሲውን ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል።

የቀረው ያን የብረት ፍርግርግ የሠራልኝ የብየዳ ሰውዬ ነው። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ በሳምንቱ መጣ፣ ሥራው ግን ጠንካራ ነው፣ ሌባም አይነቅለው። የዝገት ቀለሙን «ነገ እቀባዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ሜሪላንድ ከገባሁ ወር ሞላኝ። ትናንት ደውዬ እናቴን ስጠይቃት፣ ነገ ይመጣል ብሏል አለችኝ።