ፀረ አረም በሃይላንድ ቀድቶ የሚሸጥላችሁን ሱቅ ተጠንቀቁ

ደሴ ገበያ አካባቢ ዘር፣ መርጫና ፀረ አረም የሚሸጡትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ላይ የቲማቲም ፖስተር፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከፊት ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ። የፈለጋችሁትን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ "አለ" ይላችኋል። ከአንዱ ገዝቼ ረጨሁና የግቢዬ ሳር ደርቆ ቀረ። እንዲጠፋልኝ የፈለግሁት ግን ሳሩን ሳይሆን ሐረግ የሚሉትን አረም ነበር።

ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ሐረጉን ያያችሁት ትኖራላችሁ፤ ነጭና ሮዝ የተቀላቀለበት የጡሩምባ ቅርጽ ያለው አበባ ያወጣል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሥሩ ግን ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቆፍራችሁ ስትቆርጡት አፈር ውስጥ የቀረው ቁራጭ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዘሩ ደግሞ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ተቀብሮ ይቆያል። በእጅ ተነቅሎ የሚያልቅ ቢሆን የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ድረስ ምን አስኬደኝ?

የፈለግሁት ቱፎርዲ ነበር። ገበሬው ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው። ቅጠለ ሰፊውን አረም ይመታል፣ ስንዴና ጤፍ የሳር ወገን ስለሆኑ እነሱን ይተዋል። ሳር ያለበት ግቢም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አጣርቼ፣ ስሙን ይዤ ነው የሄድኩት።

"ቱፎርዲ አለ?"

"አለ።"

"ለግቢ ነው። ሐረጉን ብቻ እንዲመታልኝ ነው የምፈልገው። ሳሩን አይነካም አይደል?"

"አብሽሪ እህቴ።"

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ሲቀዳ ይሰማኛል። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ወጣ። ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። "የታሸገውን ስጠኝ እንጂ" አልኩት። "የታሸገው ትልቁ ነው፣ ላንቺ ግቢ ይበዛል። ለምን ብርሽን ታባክኛለሽ?" አለኝ። አያችሁ፣ ለብሬ አዝኖ! ደረሰኝ ስለው ማሽኑ ተበላሽቷል አለ። የሁልጊዜዋ ማሽን።

ረጨሁት። ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ግቢው በሙሉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ገለባ። ሐረጉም አብሮ ጠውልጎ ነበር። እሱ ግን ከሥሩ አቆጠቆጠና በደረቀው ሳር መሃል ለብቻው መሳብ ጀመረ።

የተረፈውን ከነጠርሙሱ ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ጭራሽ አላወቀኝም፣ ወይም ያላወቀ መሰለ። ሱቁ ውስጥ ከገጠር የመጡ ሰዎች ቆመዋል። አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ነገሩን ሰምተው ጠርሙሱን ተቀበሉኝ። ክዳኑን ላላ አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ ቱፎርዲ አይደለም። ቱፎርዲ ገና ከሩቅ ነው የሚሸተው። ይሄ እኮ ሳይታረስ በፊት መሬቱን ለማጽዳት የምንረጨው ነው። አረንጓዴ የተባለ ሁሉ አይቀረውም።"

ወደ ልጁ ዞርኩ። ይክዳል ብዬ ነበር። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ "አዎ፣ ራውንዳፕ ነው። ያን ቀን ቱፎርዲ አልቆ ነበር" አለ።

አልቆ ነበር! "አለ" ብሎኝ እኮ ነው መጋረጃውን የገለጠው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አረም ማጥፊያ ፈለግሽ፣ አረም ማጥፊያ ሸጥኩልሽ። ሐረጉ ደርቋል አይደል?"

ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ "ላም የላት፣ በግ የላት፣ በሳር ታለቅሳለች" አለው። ተሳሳቁ። ብሬን መልስ ስለው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ደረሰኝ ይዘሻል?" ወላሂ፣ ከሳሩም ከብሩም ይቺ ነች ያቃጠለችኝ። አዛውንቱ ብቻ "ነውር ነው፣ ተው" አሉት። እሳቸውንም አልሰማቸውም።

ደግሞ አስቡት፣ መርዝ በውሃ ጠርሙስ! እኔ ቤት ልጆች አሉ። ስም ያልተጻፈበት ሃይላንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቢያገኙት ምን ሊሆን ነበር? እሱ ላይ ስናገርማ ጭራሽ ጆሮም አልሰጡኝም።

እናም የታሸገ ካልሆነ አትግዙ። ጠርሙሱ ላይ ግላይፎሴት የሚል ካያችሁ ሳር ላይ እንዳታስጠጉት፣ ራውንዳፕ የሚሉት እሱ ነው። ትክክለኛውን ቱፎርዲ ብታገኙም በአንድ ርጭት ሐረጉ አያልቅም፣ ሲያቆጠቁጥ መድገም አለ። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ አትርጩ፤ የጎረቤት ቲማቲምና በርበሬ ላይ ከደረሰ ሌላ ጣጣ ነው። ማሽን ተበላሽቷል ካሏችሁ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝም ቢሆን ሳትይዙ አትውጡ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኔ አሁን ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ልሄድ ነው፣ ጠርሙሱን አልጣልኩትም።

ኮምቦልቻ ውስጥ የግቢ ሳር በካሬ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ዋጋውንም አብራችሁ ጻፉልኝ።