የአያቴን የምኒልክ ብር ሀብል ያሠራሁበት ብር ሠሪ ቤት፣ ሳይበሱት

ሰላም ለሁላችሁ፣ መርካቶ ውስጥ ስላለ አንድ ብር ሠሪ ቤት ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ ዛሬ ተሳካልኝ። ቤቱ ታፔላ እንኳን የለውም፣ ድሮ ፒያሳ ነበሩ እዛ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ የተቃጠለ ጠረጴዛ፣ አባትና ልጅ፣ በቃ ይሄው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሲያርፉ ለኔ የደረሰኝ አንድ የምኒልክ ብር ነው፣ ፓሪስ የተመታው የ1887ቱ። በአንድ ፊቱ እምዬ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው አንበሳው ዘንጉን ይዞ፣ በጠርዙ ውፍረት ዙሪያ ደሞ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ይላል። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር ግን እቺን ቃል በቃላቸው ያውቋታል፣ ማታ ማታ ብሩን ከትራሳቸው ስር አውጥተው ፊደሎቹን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሲሏት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን እሳቸው የሉም፣ እኔም መሳቢያ ውስጥ ከማስቀምጠው አንገቴ ላይ ላድርገው አልኩ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቤት ነው፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ብሩን ገና ሳያገላብጠው መብሻውን አነሳ። «ጠርዙን በስተን ቀለበት እናስገባለታለን አስር ደቂቃ ነው» አለኝ። ኧረ ቀዳዳው ጽሑፉ ላይ ነው እኮ ሚያርፈው ስለው «ማን ያነበዋል?» አለ። ብሩን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሁሉ አንጀቴ እያረረ ነበር፣ ምክንያቱም ልጁ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ እውነቱን ነው የተናገረው፣ ስንቶቻችን ነን አሁን ያንን የምናነበው?

እዚህኛው ቤት ግን ሽማግሌው መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን መታጠብ ነው። ከዛ ሚዛን ላይ አስቀመጡት፣ አዲሱ 28 ግራም ነበር የእኔ ትንሽ አልቋል፣ ብሩም ንጹህ አይደለም 83.5 በመቶ ነው ብለው አስረዱኝ። ከመሳቢያቸው ማርትሬዛ አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡልኝ፣ ያቺ ሁሌም 1780 የሚል ዓመት ያለባት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞቱ በኋላም ስትመታ የኖረች ጠገራ። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያሠሩ ገበሬው ቶሎ አልተቀበለውም፣ የለመደው የሴትየዋን ነው፣ የራሳችን ቃል የተጻፈበት ገንዘብ በገዛ ገበያችን ለብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ነው የኖረው አሉኝ። ይሄን በዛች ጠባብ ክፍል ቆሜ ስሰማ እንዴት እንዳዘንኩ!

ከዛ በማጉያ መነጽር አዩትና ዝም አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ብር በገበያ አይደለም ያለቀው» አሉኝ። ሌላው ፊደል ደህና ነው፣ «ታበጽሕ» የሚለው ጋ ብቻ ለስልሷል፣ ጠርዙ ክብ ሆኖ እንደ ሳሙና ሆኗል። የአያቴ ጣት ነው። እኔ ስንት ዓመት ስይዘው አላስተዋልኩትም፣ ሽማግሌው ባይሆኑ ኖሮ ደሞ ምናልባት ሌላ ቤት በአሲድ አንጽተውልኝ ፏ ብሎ አንገቴ ላይ አደርገው ነበር። አሲድ አይንካው አሉ፣ ጥቁረቱም እንዳለ ይቆይ፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጠረጉት።

ሥራውን ልንገራችሁ። ብሩ አልተበሳም፣ እሳትም አልነካውም። ከብሩ ጀርባ የሚያርፍ ጥፍሮች ያሉት ቀጭን የብር ክፈፍ ለብቻው ሠሩ፣ ማንጠልጠያውን እሱ ላይ በየዱት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ብሩን አስገብተው ጥፍሮቹን ቀስ አርገው በመዶሻ ያቀፉት። ነገ ማውጣት ብትፈልጊ ጥፍሮቹን ከፍተሽ ታወጪዋለሽ አሉኝ። ጥፍሮቹ ጠርዙን የያዙት በቃላቱ መሃል ባለው ክፍተት ብቻ ነው፣ አንድም ፊደል አልሸፈኑም፣ ቤት ሄጄ አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። ከነብሩ ከነእጅ ዋጋው 4,800 ብር ከፈልኩ፣ ለዚህ ሥራ ርካሽ ነው።

እየሠሩ ሳለ ልጃቸው ያነሳት ጥያቄ ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። «አባዬ፣ እጆቿን ትዘረጋለች ማለት ልመና አይደል? እርዳታ ስጡን ማለት?» አለ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከልቡ ነው የጠየቀው። እውነት ለመናገር በዛሬ አማርኛ እጅ መዘርጋት ሲባል ለሁላችንም ቀድሞ የሚመጣልን እሱ ነው፣ ከ77ቱ ድርቅ ወዲህ ደሞ ዓለምም በዛ ነው ሚያውቀን። ሽማግሌው በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ሥራቸውን አቁመው «ግዕዙ እኮ ትዘረጋለች አይልም፣ ታበጽሕ ነው ሚለው፣ ታደርሳለች! በጽሐ ደረሰ፣ አብጽሐ አደረሰ» አሉት። እጇን እግዚአብሔር ዘንድ ታደርሳለች። ከሰው ደጅ አይደለም። ብሩ የተመታው ከአድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ ያን ጊዜ ሀገሪቱ ሰው ፊት ቆማ የምትለምን አልነበረችም፣ ሊመጣባት ያለውን እያወቀች ነው ይሄን ገንዘቧ ላይ የጻፈችው። እኔ በዳዊት 67 (በሌላው አቆጣጠር 68) ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ልዩነቱን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት ቢነገረን ምን ነበረበት?

ሀብሉን ለአባቴ ወስጄ አሳየሁት። አባዬ በደርግ ጊዜ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር፣ ደብዳቤው ስለ ወንበር ግዢም ይሁን ስለ ዓመት ፈቃድ ግርጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ ነው ሚጨርሰው። በ66 ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ተብሎ ሰው ደስ ብሎት ነበር፣ ከዛ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳው ሰዎች ተረሸኑ፣ «ያለምንም ደም» የሚለውም አበቃለት። ቃሉ ራሱ ምን ክፋት አለው፣ ሀገርህ ትቅደም መባል የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ግን አባዬ ዛሬም ሲሰማው ፊቱ ይቀየራል። ሀብሉን ይዞ ቆየና «እኔ ያኛውን ታዝዤ ነው ስጽፍ የኖርኩት፣ እናቴን ግን ይሄን በይ ብሎ ያዘዛት የለም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፣ መነጽሩን አውልቆ የለሰለሰችውን ቦታ በጣቱ ነካት።

ፎቶውን ሜሪላንድ ላለችው እህቴ ላኩላት፣ እሷ ደሞ ለሥራ ባልደረባዋ ለአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሳየቻት፣ ሴትየዋ ጥቅሱን በእንግሊዝኛ በቃሏ ወጣችው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ከአያቶቿ ጀምሮ የሚባል ነው። እዛ ባርነትን ያዩ ሰዎች ተስፋ ያደረጉበትን ቃል እኛ ጋ መብሻ ሊያርፍበት ነበር።

ቅሬታዬን ልናገር፦ በአምስት ቀን ይደርሳል ተብዬ በ14 ቀን ነው የደረሰው፣ ስልክም አያነሱም፣ ሁለቴ በከንቱ ተመላልሻለሁ። ሰንሰለቱም የሰጡኝ ረጅም ነው ጎንበስ ስል ጠረጴዛ ይመታል፣ ሳይቆራርጡ እንዲያሳጥሩልኝ እመልስላቸዋለሁ። የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሽማግሌው አይገኙም። ማርትሬዛም ይሁን የድሮ መስቀል ይዛችሁ ከሆነ ቤት ሆናችሁ በምንም ነገር አትወልውሉት፣ እንዳለ ውሰዱላቸው፣ ሳይነኩት በፊት በመነጽራቸው ያዩላችኋል።