የዋንዛ አንገት ያላት ጊታሬ፦ ከ9 ወር በኋላ

ጊታሯን የተረከብኳት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሐምሌ ገብቷል። ቤቴ ሐዋሳ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። በጋውንም፣ በልጉንም፣ የክረምቱን መግቢያም እዚሁ አሳልፋለች። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ከእሷ በፊት ሌላ ቦታ ያሠራሁት ጊታር ነበረኝ። የእሱም አንገት ዋንዛ ነበር። በ3 ወሩ እንደ ቀስት ጎበጠ። ክሮቹ ከፍ ስላሉ ጣቴ እስኪላጥ ነበር የምጫነው። "ዋንዛ ለጊታር አይሆንም" ብዬ ደመደምኩ። ተሳስቼ ነበር። ዋንዛው ምንም አላጠፋም፤ ሳይደርቅ ነው የተሠራበት። ስድስት የብረት ክሮች ሲወጠሩ አንገቱን ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል። አንድ ትልቅ ሰው ሌት ተቀን ተንጠልጥሎበታል በሉት። እርጥብ እንጨት ይሄን አይችልም።

ሁለተኛውን ሳሠራ ወይራ ይሁንልኝ አልኩ፣ ጠንካራ ነው ብዬ። አናጺው ምንም ሳይል አንድ የወይራ ቁራጭ እጄ ላይ አስቀመጠ። ክብደቱ! "ይሄን አንገት ካደረግነው ጊታሩ ጭንህ ላይ አይረጋም፣ ራሱ ወደ መሬት ይወርድብሃል" አለኝ። ባሕር ዛፍን አላነሳውም፤ ሲደርቅ እንደሚጠማዘዝ ማን ያጣዋል።

ከዚያ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ መቃን ጎትቶ አወጣ። አሮጌው ቀለም ገና አልለቀቀውም። በመላጊያ ሁለቴ ሲልገው ማር የመሰለ ገላ ብቅ አለ። ጫፉን ቆርጦ ወደ ብርሃን አዞረልኝ። የእንጨቱ መስመሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። "ተኝተው ቢሆን አልነካውም ነበር" አለ። ከጎን ሲታይም መስመሮቹ ሳይጣመሙ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳሉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እንጨት ሳይ መጀመሪያ የማየው ጫፉን ነው።

ወይራውም አልቀረም፤ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን አግድም ብረቶች የሚተከሉበት የአንገቱ ስስ ገጽ ሆነ። በየቀኑ እጫወታለሁ፣ እስካሁን ክሩ አልቦረቦረውም።

12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ በማስመሪያ እለካለሁ። ጥር ላይ 2.5 ሚሊ ነበር። ዝናቡ ሲጠና 3 ደረሰ። አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት በቁልፍ ሩብ ዙር አጠበቅኩት፣ ተመለሰ። በ9 ወር የነካሁት አንዴ ብቻ ነው።

ቅሬታ አለኝ። የተቀባው የተልባ ዘይት ለእጅ ደስ ይላል፣ ግን ላብ ይጠጣል። ሚያዝያ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ እንደገና ቀባሁት፤ እስኪደርቅም ከሳምንት በላይ ወሰደብኝ። ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ የወንበር ጠርዝ ነክቶት 5ኛው ፍሬት ጀርባ ላይ ሰርጉዷል። አውራ ጣቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር ያገኘዋል።

ከመቃኑ የተረፈውን ቁራጭ ገዝቼዋለሁ። አልጋዬ ሥር ነው። ለታናሽ ወንድሜ ጊታር ይሆናል።