የታይታኒየም ሳይክሎክሮስ ፍሬሜ፦ ከ14 ወር ጭቃ በኋላ

ይህን ፍሬም የገዛሁት ባለፈው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። አሁን 14 ወር ሞላው። እስከ ዛሬ 19 ውድድር ተወዳድሬበታለሁ። አንዱን ብቻ ሳልጨርስ ወጥቻለሁ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ክረምት ከበጋ በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ የምመላለሰውም በእሱ ነው። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ ብናገር የሚያሳፍረኝ አይመስለኝም። ፍሬም ስል መካኒኮቻችን ቴላዮ የሚሉትን ማለቴ ነው። ጎማውም መሪውም ፔዳሉም ሳይገጠም፣ ባዶ አጥንቱ።

ሳይክሎክሮስን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ብርድ፣ ሣር፣ ጭቃ፣ አሸዋና ዳገት ባለበት አጭር ዙር ላይ የሚካሄድ የብስክሌት ውድድር ነው። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ ዙሩ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መሐል ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ መሰናክሎች ይቆማሉ። እዚያ ሲደረስ ከብስክሌት መውረድ፣ አንሥቶ መዝለል፣ ሳይቆሙ ተመልሶ መውጣት ነው። ዳገቱ ሲብስ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጎ መሮጥ ነው። ቤልጅየም ውስጥ ሕዝብ የሚወደው ስፖርት ነው። በኮክሳይደ የአሸዋ ክምር ላይ፣ በናሙር ምሽግ ዳገት ላይ ሰው በዝናብ ቆሞ ያያል።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጆርጂያ አቬኑን ይዤ ወደ ዲሲ ስወርድ፣ ፔትወርዝ የሚባለው ሰፈር አጠገብ የጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ አለ። ሰፊ ግቢ ነው። አብርሃም ሊንከን ከከተማው ሙቀት ሸሽቶ ይቀመጥበት የነበረው ቤት እስካሁን እዚያው ቆሟል። ዲሲሲኤክስ የሚባለው ውድድር የሚካሄደው በዚህ ግቢ ሣር ላይ ነው። ብዙዎቻችን በታክሲም በመኪናም በዚያ በኩል ስናልፍ አጥሩን ብቻ ነው የምናየው። እኔ ይህን ፍሬም መጀመሪያ የፈተንኩት እዚያ ነው። ወደ ጎን ያዘነበለ ሣር ላይ፣ ጎማዬ ቁልቁል እየተንሸራተተ፣ ጥርሴን ነክሼ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ፍሬም ልትገዙ ስትሉ ከዋጋውም ከክብደቱም በፊት የኋላ ጎማው የሚያልፍበትን ክፍተት ለኩ። ፔዳሉ ከሚዞርበት ቦታ ወዲያ ማዶ፣ ሁለቱ የታች ቱቦዎች ጎማውን አቅፈው የሚያልፉበትን ማለቴ ነው። ደንቡ ለትልልቆቹ ውድድሮች የጎማ ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም ይላል። በእኛ ደረጃ ባሉ የአማተር ውድድሮች ብዙ ጊዜ ጎማ የሚለካ የለም፤ እኔ ግን 33 ነው የማስረው። ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲነፋ 34.5 ሆኖ ይለካል። ከዚያ በግራም በቀኝም 7 ሚሊ ሜትር ይቀረኛል።

7 ሚሊ ሜትር ምን ይጠቅማል ለሚል፣ ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይመስክርልኝ። ጭቃ ለብቻው ይወርዳል። ጭድ ገብቶበት ሲቦካ ነው ግድግዳ የሚሆነው። የውድድር ጭቃም እንደዚያው ነው፤ መቶ ሰው የረገጠው ሣር ከነሥሩ ይቀላቀልበታል። ባለፈው ዲሴምበር አንድ ውድድር ላይ ከፊቴ ያለው ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎማው መዞር እምቢ አለው። በጣቱ ሲጎረጉር ጥዬው አለፍኩ። የእኔም እየተፋተገ ነበር፤ ሲሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ግን ዞረ። እስከ መጨረሻው ዞረ። ያን ቀን ለዚህ ፍሬም ያወጣሁትን ገንዘብ መረቅኩት።

ሳልጨርስ የወጣሁበት ውድድርም የመጣው በዚሁ ጭቃ ነው። ማርሽ ቀያሪውን ከፍሬሙ ጋር የምታገናኝ ጣት የምታህል የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች። እንጨት ገብቶ ሰንሰለቱን ሲይዘው እሷ ተሰበረች። የተሠራችውም ለዚያ ነው፤ እሷ ስትሰበር ፍሬሙ ይተርፋል። በሁለት ብሎን ትፈታለች፣ በሁለት ብሎን ትታሰራለች። መለዋወጫዋ ቦርሳችሁ ውስጥ ካለ ዕዳው ገብስ ነው። ያን ቀን እኔ ቤት ነበር የተውኳት። ፍሬሙን ስትገዙ ሁለት ትርፍ አብራችሁ ግዙ። ዓመታት አልፎ ሞዴሉ ሲቆም ፈልጋችሁ ላታገኟት ትችላላችሁ፤ ፍሬሙ ግን ገና ጤነኛ ነው የሚሆነው።

ስለ ልስላሴው ብዙ ይወራል። ታይታኒየም መንገዱን ይውጠዋል፣ እንደ ፍራሽ ነው ይላሉ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የእኔ 3 በመቶ አሉሚኒየምና 2.5 በመቶ ቫናዲየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ለአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ቧንቧ የሚውለው ዓይነት። ክብደቱ ከብረት ግማሽ ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትሩ 4.5 ግራም ሲሆን የብረቱ 7.8 ነው። ግትርነቱም የብረት ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ሠሪው ቱቦውን ካላወፈረው ፍሬሙ ይወዛወዛል። ካወፈረው ደግሞ ይጠነክራል። ልስላሴውን የሚወስነው የቱቦው ውፍረትና የሠሪው እጅ ነው፤ የብረታ ብረቱ ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ድሮ የምነዳው የአሉሚኒየም ብስክሌት አሁንም አለኝ። ያንኑ ጎማ፣ በዚያው የአየር ግፊት፣ በ25 ፒኤስአይ ነፍቼ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወርኩ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ያንኑ ዙር ዞርኩ። ሣር ላይ ልዩነት አላገኘሁም። የዛፍ ሥር የበዛበት ቁልቁለት ላይ ግን አዎ፤ ታይታኒየሙ እጄን አልደበደበኝም። ከዚያ የጎማውን አየር በ3 ፒኤስአይ ቀነስኩ። ያ ለውጥ ከፍሬሙ ለውጥ በለጠ። ምቾት የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ ጎማ ግዙ።

ያንገበገበኝን ነገር ደግሞ ልናገር። ማርች ላይ፣ የመጀመሪያው ወቅት አልቆ፣ ኮርቻዬን ትንሽ ዝቅ ላደርግ ብሎኑን ፈታሁ። ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ተንጠለጠልኩበት፣ ወይ ፍንክች። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው። የገጣጠመልኝ ሱቅ ደረቁን ከትቶት ኖሯል። ከፍሬሙ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ የመዳብ ቅባት ተቀብቶ ይግባ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ታይታኒየምና አሉሚኒየም ጨው ባለበት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የሚወጣው ዱቄት ያብጥና ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የተበተነ ጨው እየረጨሁበት ሥራ ስመላለስ ነው የከረምኩት።

መቀሌ ብስክሌት እየጠገኑ ያደጉ አንድ ትልቅ ሰው እዚህ ሰፈር አሉ። ጋራዣቸው ውስጥ ሞርሳም መዶሻም አላቸው። ይዤላቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በእሳት ላሙቀው ይሆን?» አልኳቸው።

«ተው ልጄ! አሉሚኒየም ሲሞቅ ከታይታኒየም አብልጦ ነው የሚያብጠው። ይብስ ይነክስብሃል። ይልቅ አቀዝቅዘው።»

እውነታቸውን ነው። ለአንድ ዓይነት ሙቀት አሉሚኒየም ከታይታኒየም ከሁለት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይሰበሰባል። ብስክሌቱን ገልብጠን፣ የፔዳሉን ኩሽኔታ አውጥተን፣ ከውስጥ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፈሰስንበት። ሦስት ሌሊት አደረ። በአራተኛው ቀን ከሱፐርማርኬት ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ገዛሁ። በወፍራም ጓንት እየሰባበርን ባዶው ዘንግ ውስጥ ሞላነው። ዘንጉ ላይ ነጭ ብናኝ ጤዛ ያዘ። እሳቸው የዘንጉን ራስ በሞርሳ ነከሱት። እኔ ፍሬሙን ከፊትና ከኋላ ይዤ አዞርኩ። ምንም የለም። እንደገና። ድንገት ቀጭ አለ፤ ልቤ ድንግጥ አለ፤ ፍሬሙ የተሰነጠቀ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ሲጥጥጥ እያለ ወጣ። ዘንጉ ላይ ያለው ነገር እርጥብ ዱቄት ይመስላል። ዘንጉ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የፍሬሙ ውስጥ ግን ተጠርጎ ሲታይ ጭረት እንኳ የለበትም።

ጋሼ እጃቸውን እየጠረጉ «እሱ አይዝግም፤ ጎረቤቱን ግን ያስበላል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ አዲሱን ዘንግ አወጣለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ የመዳብ ቅባት ቀብቼ እመልሰዋለሁ። የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚታሰርበትን ጥርስም እንዲሁ። ሁለት ወር ያስጨነቀኝ የሲጥሲጥ ድምፅ የጠፋው ያን ጥርስ በቀባሁ ቀን ነው። ጥርስ ያለው ኩሽኔታ ያለበትን ፍሬም ምረጡ። ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ጭቃ ሲጠጣ ያጮኻል፣ ለማውጣትም መከራ ነው።

ብየዳውን በየጊዜው አየዋለሁ። ታይታኒየም ሲበየድ አየር ከነካው ይሰባበራል። ስለዚህ ከውጭም፣ ከቱቦው ውስጥም በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው። የብር ወይም የፈዘዘ የገለባ ቀለም ካለው ደህና ነው። ሰማያዊ ወይም ዱቄት የመሰለ ግራጫ ካያችሁ ሠሪውን ጠይቁ። የእኔ እንደ ሙዳይ ስፌት ነው፤ ክቡ በክቡ ላይ ተኝቶ፣ አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ። ጥሩ ስፌት ያየ ዓይን ብየዳ ለመለየት አይቸገርም።

በጣም የምወደው ነገር ከውድድር በኋላ ይመጣል። ቀለም የለውም። ጭቃው የፈጨው፣ የጫማዬ ተረከዝ የፋቀው፣ ስወድቅ ድንጋይ የጫረው ሁሉ ይታያል። የዕቃ ማጠቢያ አረንጓዴውን ሻካራ ስፖንጅ አነሣና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ እያልኩ እፈትገዋለሁ። አሥር ደቂቃ። እንደገና አዲስ ይሆናል። የጓደኛዬ የካርቦን ፍሬም በዚያው ዲሴምበር ጎማው ላይ የተጋገረው ጭቃ ቀለሙን ፍቆ ጭረቱን ወደ ውስጥ አስገብቶታል። እሱ አሁን የባለሙያ ዓይን እየጠበቀ ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ ስፖንጅ ነው የፈለግሁት።

ዋጋው ኪስ ይጎዳል። የፊት ጎማውን ከሚይዘው የካርቦን ፎርክ ጋር 3,200 ዶላር ወጥቶብኛል፤ ጎማና ማርሽ ሳይጨመር። የእኔ 54 ቁጥር ፍሬም ብቻውን በኩሽና ሚዛን 1,480 ግራም ነው። በዚያ ዋጋ ከዚህ የቀለለ ካርቦን ይገኛል። የሳይክሎክሮስ የዓለም ሻምፒዮኖቹ እነ ማቲው ቫን ደር ፖልና ዋውት ቫን አርት የሚወዳደሩት በካርቦን ነው፤ ጭቃ ሲበዛ ደግሞ በየግማሽ ዙሩ ንጹሕ ብስክሌት ይቀይራሉ። ስለዚህ ዓላማችሁ ደረጃ ማሻሻል ከሆነ ገንዘቡን ለሁለት ከፍላችሁ ሁለት የአሉሚኒየም ብስክሌት ግዙ። አንዱ ታጥቦ መለወጫ ቦታው ላይ ይቁም። ጭቃ ቀን ያ ከታይታኒየም በላይ ያስቀድማችኋል። አንድ ብስክሌት ብቻ ኖሮኝ፣ በሱው ሠርቼ፣ በሱው ተወዳድሬ፣ አሥር ዓመት ልያዘው ለሚል ሰው ነው ይህ ፍሬም።

ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቶኛል። የኋላ ፍሬኑ ቱቦ በፍሬሙ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ኮረኮንች ላይ ይንኳኳል። ስፖንጅ ጠቅልዬበት ነበር፣ ውኃ ይዞ አስቸገረኝ። አሁን ውኃ የማይጠጣ ቀጭን የፎም ሽፋን አዝዣለሁ።

እሁድ ውድድር አለ። ትናንት ማታ ዘንጉን አውጥቼ ጠረግሁት፣ ቅባቱን ቀባሁት። በአንድ ጣት ገፋ ሳደርገው ሸርተት ብሎ ገባ።