የጡረተኛ የመድኃኒት ሽፋን ወይስ የሜዲኬር ፓርት ዲ? ከመፈረም በፊት የሚደረግ ንጽጽር

በአሜሪካ በሆቴል፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በካውንቲ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ብዙ ወገኖቻችን 65 ዓመት ሲሞላቸው ከሁለት አቅጣጫ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። አንደኛው የቀድሞው አሠሪ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ለጡረተኞች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ መድኃኒትንም እንደሚሸፍን ይገልጻል፤ ሌላኛው ስለ ሜዲኬር ፓርት ዲ፣ ማለትም ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ መድኃኒትን ስለሚሸፍንበት ክፍል ያስረዳል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ «ሁለቱንም ብይዝ ምን ይጎዳል» ብሎ ይመዘገባል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አይቶ ርካሽ ወደመሰለው ይሄዳል። ሁለቱም መንገዶች ቤተሰብን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ልዩነቱን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ፓርት ዲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የመንግሥት ፕሮግራም ሲሆን፣ ሽፋኑን የሚሸጡት ግን መንግሥት ባወጣው ደንብ የሚተዳደሩ የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። ሜዲኬር ያለው ሰው ሁሉ፣ የትኛውም ሕመም ቢኖርበት፣ መመዝገብ ይችላል። የጡረተኛ ሽፋን መሠረቱ የአሠሪው ፈቃድ ወይም የማኅበሩ ውል ነው፤ በመሆኑም አንዱ ጋር እጅግ ለጋስ፣ ሌላው ጋር ደግሞ ስስ ሊሆን ይችላል፤ አሠሪውም በውል ካልታሰረ በቀር ሊለውጠው ወይም ሊያቋርጠው ይችላል።

በወጪ በኩል የፓርት ዲ ወለልና ጣሪያ በሕግ የታወቀ ነው። በ2026 እ.ኤ.አ. ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ዲዳክቲብል ከ615 ዶላር መብለጥ አይችልም፤ በፕላኑ ለሚሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመት ከኪስ የሚከፈለውም 2,100 ዶላር ሲደርስ ይቆማል። በፕላኑ የሚሸፈን እያንዳንዱ የኢንሱሊን ዓይነት በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮም መንግሥት ከአምራቾች ጋር የተደራደረባቸው 10 መድኃኒቶች በአዲስ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ለምሳሌ ለደም መርጋት የሚታዘዘው ኤሊኩዊስ የ30 ቀን ዋጋው 231 ዶላር ሆኗል፤ ታካሚው ከዚህ የሚከፍለው ድርሻውን ብቻ ነው። የአሠሪው ፕላን በበኩሉ ብዙ ጊዜ ሕክምናንና መድኃኒትን በአንድ ክፍያ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ያንን ክፍያ ከፓርት ዲ ወርሃዊ ክፍያ ጋር ብቻውን ማወዳደር ያሳስታል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። አንዳንዱ የጡረተኛ ሽፋን ራሱ በቡድን የተገዛ ፓርት ዲ ነው፤ በእንዲህ ያለው የ2,100 ዶላሩ ጣሪያ ይሠራል። ሌላው ግን ከሜዲኬር ውጭ የሚተዳደር የአሠሪው የራሱ ፕላን በመሆኑ፣ ጣሪያውንም ሆነ የመድኃኒቶቹን ድርድር ዋጋ የሚወስነው የፕላኑ ውል ነው። የእርስዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ማንኛውንም ቅጽ አይፈርሙ።

ምክንያቱም ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። በቡድን ፓርት ዲ ውስጥ ያለ ሰው በራሱ ሌላ ፓርት ዲ ሲገዛ ከቡድኑ ወዲያው ይሰረዛል። በብዙ አሠሪዎች ዘንድ ደግሞ ከመድኃኒቱ ሽፋን መውጣት ማለት ከሕክምናው ሽፋንም መውጣት ነው። እስቲ የ67 ዓመት ባልና በእርሱ ፕላን የምትታከም የ61 ዓመት ሚስት እናስብ፤ ባል በወር ጥቂት ዶላር ለማዳን ወደ ፓርት ዲ ቢዛወር፣ ገና ለሜዲኬር ያልደረሰችው ሚስት ያለ ኢንሹራንስ ልትቀር ትችላለች። ከዚያም ባል ተጸጽቶ ልመለስ ቢል የማይፈቅዱ አሠሪዎች አሉ። ወደ ፓርት ዲ ግን በየዓመቱ ከጥቅምት 15 እስከ ታኅሣሥ 7 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) መግባትም ፕላን መቀየርም ስለሚቻል፣ እንደ እኔ እምነት፣ ለማመዛዘን የሚከብደው የዋጋው ልዩነት ሳይሆን ይህ ያለመመለስ ጉዳይ ነው።

በተቃራኒው፣ የአሠሪውን ይዞ መቆየት የሚያዋጣው ሽፋኑ «ክሬዲተብል» ሲሆን ነው፤ ይኸውም በአማካይ ቢያንስ መደበኛው የሜዲኬር መድኃኒት ሽፋን የሚከፍለውን ያህል የሚከፍል ሲሆን ማለት ነው። አሠሪው ይህን በየዓመቱ ከጥቅምት 15 በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሽፋኑ ክሬዲተብል ካልሆነና ሰውየው የመጀመሪያው የመመዝገቢያ ጊዜው ካለፈ በኋላ ለ63 ተከታታይ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በኋላ ፓርት ዲ ሲገዛ ላለፈው ለእያንዳንዱ ወር የብሔራዊው መነሻ ክፍያ 1 በመቶ ይጨመርበታል። መነሻው በ2026 እ.ኤ.አ. 38.99 ዶላር ስለሆነ፣ 20 ወር የዘገየ ሰው በወር 7.80 ዶላር ገደማ ቅጣት ይከፍላል፤ ይህም ፓርት ዲ እስካለው ድረስ አይነሳም። ስለዚህ ሽፋኑ ክሬዲተብል መሆኑን አሠሪው የሚገልጽበትን ደብዳቤ እንደ ፓስፖርት ያስቀምጡት። አሠሪው ሽፋኑን ቢያቋርጥ፣ ያለ ቅጣት ለመመዝገብ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን ስሌቱ ይለወጣል። ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ የማይበልጥና ንብረታቸው የተወሰነ ሰዎች «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባለውን ድጋፍ ያገኛሉ፤ በ2026 እ.ኤ.አ. ለጄኔሪክ (የባለስሙ መድኃኒት ርካሽ አቻ) ቢበዛ 5.10፣ ለብራንድ (ለባለስሙ መድኃኒት) ቢበዛ 12.65 ዶላር ይከፍላሉ። እንዲህ ላለው ብቸኛ ጡረተኛ፣ ውድ ክፍያ ከሚጠይቅ የአሠሪ ፕላን ይልቅ ፓርት ዲ ሳይሻለው አይቀርም።

ወደ ኢትዮጵያ ሄደው ወራት ለሚቆዩ ወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር። ፓርት ዲ ከአሜሪካ ውጭ ለተገዛ መድኃኒት አይከፍልም፤ ከመጓዝ በፊት የ90 ቀን መድኃኒት እንዲሰጥ ፋርማሲውን መጠየቅ ይገባል። የአሠሪ ፕላን በውጭ አገር ለተገዛ ይመልስ እንደሆነ ደግሞ ከራሱ ከፕላኑ ያረጋግጡ።

ውሳኔው ከመደረጉ በፊት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው፣ እያንዳንዱ በሁለቱም ፕላኖች ዝርዝር ውስጥ መኖሩንና ስንት እንደሚያስከፍል ያመሳክሩ። በየስቴቱ ያለው ሺፕ የተባለው የሜዲኬር አማካሪ አገልግሎት ይህን ያለ ክፍያ ያግዛል። ለአሠሪው የጡረታ ጥቅማ ጥቅም ክፍል ደግሞ «ፓርት ዲ ብገዛ የእኔና የባለቤቴ የሕክምና ሽፋን ይቋረጣል ወይ? ከወጣሁስ መመለስ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።